የካሳሁን እናት

ደጊቱ ልጇን ፍለጋ ከሱባ ወርዳ ሰበታ ስትገባ ልጇ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ በሰው ትከሻ ሊነሳ ትንሽ ነበር የቀረው። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል፤ ደብቆ ቆይቶ ማስደንገጥ ለዚህ ወሬ አይገባውም። እሷ ግን አላወቀችም። የሱባን ጫካ ስታቋርጥ ስታስብ የነበረው ምን ብላ እንደምትቆጣው ነው። ልጁ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ ከች ይል ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ቀረ። እሑድን መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለችና ሰኞ በጠዋት ጭኮዋን ቋጥራ ተነሳች። "ሴት ይዛው ይሆናል" አለች በልቧ፤ ብቻዋንም ፈገግ አለች። ፈገግታው ደግሞ ለቁጣ ያዘጋጀችውን ቃል ሁሉ እየበታተነ አስቸገራት።

ሰበታ በዚያ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ ማለት ነው፣ ቁመቷ ከልብሷ እንዳለፈባት ልጃገረድ ነበረች። ትናንት ጤፍ የታጨደበት ማሳ ዛሬ ቆርቆሮ ለብሶ ይታያል። ጅማ መንገድ ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሏል፤ ጡሩምባው ሲጮህ ለሠራተኛው ፈረቃ መግቢያ ነው፣ በዙሪያው ለሚያርሰው ገበሬ ደግሞ በሬ መፍቻ። ከፋብሪካው ኋላ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ የኪራይ ክፍሎች ተደርድረዋል። የጎንደሩ ከጉራጌው፣ የወሎዋ ከከፋዋ ጋር ካንድ ቧንቧ ይቀዳሉ። ያንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል፤ አንዱ የሌላውን አባትና እናት ግን አያውቅም። ባገር ቤት ሰው ሲገናኝ ቀድሞ የሚጠየቀው ይኸው ነበር፤ እዚህ ቀድሞ የሚጠየቀው ፈረቃ ነው።

የደጊቱ ልጅ ገርባ ይባላል። በኦሮምኛ ሰፊ ውሃ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣችለት እሷው ናት። ፋብሪካ የገባው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ያን ቀን የመዘገበው አቶ ተሾመ ከወደ ሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ ክፉ አይባልም፣ ለተቸገረ ከኪሱ ያወጣል፣ የሠራተኛውም ዕድር ዳኛ እሱ ነው። ብዕር ሲጨብጥ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

"ስምህ?"

"ገርባ።"

"የአባትህስ?"

"ዲንቃ።"

አቶ ተሾመ የአባቱን ጻፈና የልጁ ላይ ቆም አለ። "ይሄ ገርባ የምትለው ለጻፊም ለጠሪም አይመችም። ካሳሁን ብዬሃለሁ። ቅር ይልሃል?"

መጠየቁን ጠየቀ፣ መልሱን ግን አልጠበቀም፤ ቀጣዩን ጠርቶ ነበር። ከኋላ ሥራ ፈላጊው ተሰልፏል። ለስሙ ብሎ ከእንጀራ ጋር የሚጣላ ልጅ ደግሞ ያኔ አልነበረም፤ ዛሬም መኖሩን እንጃ። እንዲህ ሆኖ ካሳሁን ተብሎ ገባ፤ ካሳሁን ተብሎ ደመወዝ ተቀበለ፣ ወዳጅ አፈራ። ጫካውን አቋርጦ እናቱ ደጅ ሲደርስ ተመልሶ ገርባ ይሆናል። ለእሷ አልነገራትም። እንዴት ብሎ ይንገራት?

ዓርብ ዕለት ራሱን አመመው። ተስቦ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ከክፍል ክፍል ይዞር ነበር። ያስታመመችው ክፍሉን ያከራየችው ባለሱቋ ራቢአ ናት። ልጁ ትኩሳቱ ሲያቃዠው "ሃርሜ፣ ሃርሜ" ይላል፤ እናቴ ማለቱ ነው። ራቢአ ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻዋ ስለምትናገር "ሃርሜህ የት ናት?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችው፤ ከጥሪው በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ከጫካው ማዶ እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ማዶው ግን ሰፊ ነው። እሑድ የዕድሩ ሰዎች መልእክተኛ ላኩ። የተላከው ሰው የአባቱን ስም ሳይዝ ከመንደር መንደር እየዞረ "የካሳሁንን ቤተሰብ" ሲጠይቅ ውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ካሳሁን የሚባል ልጅ የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አልነበረም። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል ልጁ ሞተ።

ደጊቱ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው በር ሄደች። ዘበኛው አለሙ ጢሙ የሸበተ፣ ሰው አክባሪ፣ የቀድሞ ወታደር ነው።

"አካም ጅርታ፣ ኦቦ?"

"ደህና ነኝ እማማ። ማንን ፈልገው ነው?"

"ልጄን። ገርባን። እዚህ ነው የሚሠራ።"

አለሙ አሰበ። "ገርባ የሚባል የለንም። የማን ልጅ ገርባ?"

ደጊቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። እሷ ባደገችበት ወግ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። በሕይወት ሳለ "እሱ" ስትለው ኖራለች፤ ከሞተ በኋላም "የልጄ አባት" ትለዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"አባቱ ሞቷል፣ ኦቦ" አለች በመጨረሻ።

"ነፍስ ይማር" አለ አለሙ፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። ዲንቃ የምትለዋ አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ ኖሮ ይገባው ነበር፤ በየደመወዙ ቀን "ካሳሁን ዲንቃ" ተብሎ ሲጠራ በሩ ላይ ሆኖ የሚሰማ እሱ ነው። ቢያንስ ፊቱን ገልጠው ያሳዩዋት ነበር፤ ስማው፣ ጠርታው፣ ወግ ባለው ለቅሶ ትሸኘው ነበር። ለባሏ ያላት ክብር ከልጇ ፊት ከለላት። ማን ላይ ይፈረዳል?

"ዛሬ ከሠራተኛው አንድ ልጅ ሞቶብን ከፈረቃ የወጣው ሁሉ ቀብር እየሄደ ነው" አለ አለሙ። "ልጅዎ የፋብሪካ ልጅ ከሆነ ከቀብር አይቀርም። እዚያ ያገኙታል።"

"ማነው የሞተው?"

"ካሳሁን የሚሉት ነው። ገና ጎረምሳ፣ ምስኪን።"

ደጊቱ በገበያ የለመደችው አማርኛ የዚህን ስም ትርጉም ለማወቅ ይበቃታል። ካሳ ሁን ተብሎ ስም የሚወጣው ከፊቱ ልጅ ሲሞት ነው። እንግዲህ ይህቺ እናት አንድ ቀብራ፣ በዚህ ልጽናና ብላ፣ ይኸው ሁለተኛውን ቀበረች። አንጀቷን በላት። "ዋቀዮ፣ አምላኬ፣ እናቱን አጽናት" አለችና አለሙ ባሳያት መንገድ ወረደች።

ሬሳው የቤተ ክርስቲያኑን በር ሲያልፍ ደረሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ኋላ ተቀላቀለች፤ ሰው ሬሳ አይቶ አያልፍም። ዓይኗ ግን ወንዶቹ ላይ ነበር። የተሸከሙትን አንድ በአንድ አየች። ጉድጓድ የሚቆፍሩትን አየች። ከሕንድ አገር የመጣው ፎርማን እንኳ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል፤ የሷ ልጅ ግን የለም። "ወዳጁ ሞቶ እንዴት ይቀራል?" ብላ አፈረችበት። ልጄ ከተማ ገብቶ ወግ ረሳ ብላ፣ እዚያው አስከሬኑ ፊት ቆማ፣ ታዘበችው።

ቄሱ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ጠየቁ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። የሚያውቅ የለም። ደጊቱ ይህንን ስትሰማ ለማታውቀው ልጅ ዕንባዋ መጣ። የክርስትና ስም የሚያውቅለት ሰው አጥቶ መቀበር አለ? ቄሱም "እግዚአብሔር ያውቀዋል" ብለው ቀጠሉ። ጉድጓዱ ሲሞላ ቀረብ ብላ ጎንበስ አለችና አንድ እፍኝ አፈር ጣል አደረገችበት። እናቱ ባትኖር እኔ ልሁንለት ብላ ነው።

ከቀብር መልስ ለቅሶኛው በራቢአ ሱቅ ፊት የተተከለው ድንኳን ገባ። ንፍሮው ተቀቅሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ሐዘንተኛ። ሰው ይገባና "እግዜር ያጽናችሁ" የሚለው ዘመድ ያጣል፤ ዞር ዞር ብሎ አይቶ እንዳፈረ ይቀመጣል። አቶ ተሾመ ይህ አንገበገበው። ዕድሩን ያቋቋመው ከየአገሩ የመጣ ሰው ያለ ወገን እንዳይቀበር ነበር። ዓይኑ ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ የሰው ፊት ከምትቃኘው አሮጊት ላይ አረፈ፤ ራቢአንም ጠቀሳት።

ራቢአ ደጊቱን ወደ ጥግ ወሰደቻትና በኦሮምኛ ለመነቻት። "ሃርሜ፣ አይቆጡኝ። ይሄ ልጅ ወገን የለውም። የእናቱን ቦታ ጥቂት ይያዙለት። የሚፈልጉት ሰው እንደመጣ እኔ ራሴ እነግርዎታለሁ።"

"እኔ ልጄን ላገኝ ነው የመጣሁ" አለች ደጊቱ። "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይመሽብኛል።"

"እኔ ጋ ያድራሉ።"

ደጊቱ ድንኳኑን አየችው። የዚያች ሴት ልጅ ነው፤ የት እንዳለች የማትታወቅ፣ ሁለት የቀበረች ሴት። ነገ በኔ ቢደርስ አንዷ ተቀምጣ ብታለቅስልኝ እወድ አልነበር? ገባችና ከፊት ከተነጠፈው ጀንዲ ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ተነስቶ እየመጣ ፊቷ አጎነበሰ። "እግዜር ያጽናሽ የካሳሁን እናት" አላት። "አሜን" አለች፤ ለሰው እንደምታደርስ አድርጋ ተቀበለችው።

እንግዲህ ደጊቱ ባገሯ የታወቀች አልቃሽ ናት። ለቅሶ ቤት አፏን ዘግታ መቀመጥ አታውቅበትም። ጎሮሮዋን ጠራርጋ ስሙን ይዛ ጀመረች።

"ለፊተኛው ሐዘን ካሳ ሁን ብትለው፣
ካሳውም አፈር ገባ፣ ካሹ ወዴት ነው?"

ድንኳኑ ተነቃነቀ። እስካሁን በይሉኝታ የተቀመጠው ሁሉ እውነቱን ማልቀስ ጀመረ። ጥግ ላይ ሙሉዬ የምትባል የፈትል ክፍል ልጅ ነበረች፤ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ አብጧል። የሷ ለቅሶ የሥራ ባልደረባ ለቅሶ እንዳልሆነ ያየ ሁሉ አውቋል፤ ያላወቀ መስሎ ነበር እንጂ። ደጊቱ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"ልጄ፣ ሳላውቀው አላለቅስለትም። ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

"ዝምተኛ ነበር" አለች ሙሉዬ። "ሲስቅ ግን ሰው ሁሉ ይስቃል። ግራኝ ነው። የተበጠሰ ክር በግራው ሲቋጥር ዓይን አያየውም ነበር፣ ፍጥነቱ።"

"የኔም ግራኝ ነው" አለች ደጊቱ። ለቅሶ ቤት መሆኗን ረስታ ኮራ አለች። "እሺ፣ ሌላስ?"

"ከወር ሁለት ቅዳሜ እናቱ ጋ ይሄዳል። ጫካውን በግሩ አቋርጦ። አንድ ቀን እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር።"

ደጊቱ ይህንን ተቀብላ ለእናቲቱ ልታለቅስላት አፏን ከፈተች።

"ቅዳሜ ሲመሽ ደጅ ደጁን ታያለች፣"

ሁለተኛው ስንኝ አልመጣም። እንዲህ ሆኖባት አያውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ አንዱን ስትል ሌላው ተከትሎ ነበር የሚመጣው። ዳግመኛ "ቅዳሜ ሲመሽ ደጅ ደጁን ታያለች" አለች፤ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። ደጅ የምታይ ሴት ታየቻት፤ ነጠላዋን አወቀችው፣ የቆመችበትን ደጅ አወቀችው። ሰዉ ቀጣዩን እየጠበቀ ነው።

ሙሉዬ ቀጠለች። "እናቴ አልቃሽ ናት ይለኝ ነበር። አገሩን ስታስለቅስ ትውላለች፣ እኔ ግን የማውቀው ሳቋን ነው ይል ነበር።"

ደጊቱ እጇን ከሙሉዬ ጉልበት ላይ አነሳች። "የአባቱ ስም ማነው?" አለች። የጠየቀችው ማንንም አልነበረም፤ መሬቱን እያየች ነው።

"ዲንቃ" አለ አቶ ተሾመ ከበሩ አጠገብ። "ካሳሁን ዲንቃ ነው ስሙ።"

"ዲንቃ" አለች ደጊቱ። ከተዳረች ጀምሮ ያ ስም ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ቀጥላም "ገርባ ዲንቃ" አለች። "የኔ ነው።"

መጀመሪያ ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም። አሮጊቷ የተሰጣትን ቦታ አጥብቃ የያዘች መሰላቸው። ነገሩ ቀድሞ የገባው ከጥበቃው ወጥቶ ለቅሶ የመጣው ዘበኛው አለሙ ነው፤ ድንኳኑ በር ላይ እንደቆመ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ቀጥሎ ራቢአ ገባትና ደረቷን መታች። ከዚያ በድንኳኑ ውስጥ እንደ እሳት ተዛመተ።

ደጊቱ አልጮኸችም። የሚጮህበት ሰዓት አምልጧት ነበር፤ የሚጮኸው አስከሬን ሲወጣ ነው፣ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ያኔ እሷ የወንዶቹን ፊት ስትቆጥር ነበር። ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው፤ የጣት ጥፍሯ ውስጥ አፈሩ አለ።

"አፈር ጣልኩበት" አለች። "የሰው ልጅ መስሎኝ።"

ራቢአ ከኋላዋ አቀፈቻት። አቶ ተሾመ መጥቶ ጉልበቷ ስር ወደቀ። ሰው ፊት ድምፁ ተሰብሮ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያን ቀን ተሰበረ።

"ስሙን የለወጥኩት እኔ ነኝ፣ እማማ። ለክፋት አልነበረም። ለመጥራት እንዲመች ብዬ ነው።"

"ለማን፣ ኦቦ?" አለችው።

ቁጣ አልነበረበትም። ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው፤ እሷ ገርባ ብላ ስትጠራው አንድም ቀን ከብዷት አያውቅም ነበርና። አቶ ተሾመ ብድግ አለና የዕድሩን ለፋፊ ጠርቶ እንደገና ወጥቶ እንዲለፍፍ አዘዘው፤ በዋናው መንገድም፣ በገበያውም፣ በየክፍሎቹም መካከል ገርባ ዲንቃ ሞተ ተብሎ ይለፈፍ፣ ስሙ ይመለስለት አለ። ቄሱ ዘንድም ሰው ሊልክ ነበር።

"ለቄሱ ሀብተ ማርያም ነው በሏቸው" አለች ደጊቱ። "እሱን ይንገሯቸው። ልፈፋው ይቅር።"

"ስሙ እኮ ነው፣ እማማ።"

"እዚህ ገርባን ማን ያውቀዋል? ነገ ሱባ እሄዳለሁ፣ ገርባን አገሩ ያለቅስለታል። እናንተ ያለቀሳችሁት ለካሳሁን ነው። ሐሰት አላለቀሳችሁም።"

ይህን ስትል ዕንባዋ መጣ፤ መጥቶም አልቆመ። ቃል ግን አልወጣትም። ለስንቱ ሬሳ ስንኝ ስትገጥም የኖረች አልቃሽ ለራሷ ልጅ እንዲሁ እንደማንም እናት አነባች። ሴቶቹ ሊያግዟት ሞከሩ፤ አያውቁበትም፣ የሚሉት ጠፍቷቸው "ካሳሁን፣ ካሳሁን" ብቻ ይላሉ። ቆይታ እሷም አብራቸው አለችው። ምላሷ ላይ እንግዳ ነበር።

ከዚያ ወደ ሙሉዬ ዞረች። ልጅቱ እሷን ቀና ብላ ለማየት ፈርታለች። ደጊቱ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

"ገርባን እኔ አውቀዋለሁ" አለች። "ካሳሁንን ንገሪኝ።"

ሙሉዬ ከብስክሌቱ ጀመረች። ባለፈው ፋሲካ ብስክሌት ተከራይቶ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየው ቦይ ውስጥ እንደገባ ነገረቻት። የፎርማኑን አማርኛ ሲያስመስል ፎርማኑ ራሱ ሆዱን ይዞ እንደሳቀ ነገረቻት። ሌሎቹም ጠጋ ጠጋ አሉ። ማታ ትምህርት ገብቶ ፊደል ቆጥሯል አለ አንዱ። ሰው ሲታመም የሱን ፈረቃ ሠርቶለት ምንም አይቀበልም ነበር አለ ሌላው። ራቢአም በረመዳን ከሷ ጋር ጾሞ እየዋለ ማታ አብሯት ያፈጥር እንደነበር አወጋች። ደጊቱ ዕንባዋን ሳትጠርግ ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ትዞራለች። ቤት ሲመጣ ይኸው ልጅ እሳት ዳር ተቀምጦ ራቱን በልቶ፣ ሲጠየቅ ደህና ነኝ ብሎ የሚተኛ ነበር። ብስክሌት እንደሚነዳ አታውቅም። ፊደል እንደቆጠረ አታውቅም።

"እሺ" ትላለች አንዱ ሲጨርስ። "ሌላስ?"

እነሱም ሌላ ይነግሯታል።